ማንያህልሻልና የጥቅምት ንቦች

ሰው ሐሳብ በዝቶበት ጸሎቱ አልሰበሰብ ሲለው፣ የቆቅ ውሃ መንደር ሽማግሎች አንዲት አባባል ጣል ያደርጉለታል። ሰሚው ፈገግ ይላል እንጂ አባባሏ ከየት እንደመጣች አይጠይቅም። እሷ ግን ከሰማይ አልወረደችም፤ ከአንዲት ሴት ጓሮ ነው የወጣችው።

ሴትዮዋ ማንያህልሻል ትባላለች፤ ቅርቦቿ ማኔ ይሏታል። እጇ ሥራ የማይፈታ፣ ጓዳዋ እንግዳ የማያጣ ባለትዳር ነበረች። ታዲያ በአንዱ ክረምት መግቢያ ባሏን አጥናፉን እግሩን ያዘውና መቆም ተሳነው። ዘመድ አዝማድ በቃሬዛ ተሸክሞ ከወንዝ ማዶ ካለው ጠበል አደረሰው። እሱ እዚያ እየተጠመቀ ሲከርም ቤቱም፣ ከብቱም፣ የማሳው ጤፍም በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ከንስሐ አባቷ ከቄስ ይሁኔ ዘንድ ሄዳ፣ "አባ፣ አጥናፉ በእግሩ እስኪመጣልኝ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሳልጸልይ ሥራ አልጀምርም" ብላ ቃል ገባች።

ቃል መግባቱስ ቀላል ነበር። ችግሩ የመጣው ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከጓሮዋ የብሳና ዛፍ ሥር ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ስትቆም ነው። "አባታችን ሆይ" ብላ ሳትጨርስ ዶሮዎቹ ከተሰጣው ብቅል ላይ ይወጣሉ። "እሽ!" ትላለች። ተመልሳ ትጀምራለች፤ ተመልሰው ይመጣሉ። በማግስቱ ዶሮዎቹን ቤት ዘጋችባቸው። ውስጥ ሆነው ሲንጫጩ ደግሞ "ሸለመጥማጥ ገብቶባቸው ይሆን?" ብላ ሮጣ ከፈተች። ከአጥሩ ውጭ ወጥታ ብትሞክር የጎረቤት ጥጃ ባቄላዋ ውስጥ ገብቶ አገኘችው። ገና ሳይነጋጋ ብትነሣ፣ መንቃቷን ያወቀች ጎረቤት "እሳት ልጭር" ብላ መጣች፤ እሳቱን ጭራም አልሄደችም፣ ወሬ ጀመረች።

ውጭው ጸጥ ያለ ቀን ደግሞ ውስጧ ይንጫጫል። ጤፉን ማን ያጭድልኛል? አጥናፉ ዛሬ በልቶ ይሆን? ትናንት ያቺ ሴትዮ ሰላምታዬን ያልመለሰችው ለምንድን ነው? ማንያህልሻል ሐሳቡንም እንደ ዶሮዋ ልታባርረው ትነሣለች። "ሂድ! ጸሎት ላይ ነኝ" ትለዋለች። ሐሳቡ እሺ ብሎ ይሄድና ወንድሙን አስከትሎ ይመለሳል። እንዲህ ከራሷ ጋር ስትታገል ቆይታ፣ በመጨረሻ ላብ ላብ ብሏት፣ ምን እንዳለች እንኳ ሳታውቅ "አሜን" ብላ ትሄዳለች።

አንድ ቀን አላስችል ብሏት ቄስ ይሁኔ ቤት ሄደች። ቄስ ይሁኔ አራሽም ንብ አናቢም ነበሩ፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቀፎ በጭቃና በእበት ይመርጋሉ።

"አባ፣ ከንፈሬ ከእግዜር ጋር ነው፤ ልቤ ግን ዶሮ ይጠብቃል" አለቻቸው። "እንዲህ ያለው ጸሎት ለአጥናፉ ምን ይፈይድለታል? ማሾፍ እንዳይሆንብኝ ብተወው አይሻልም?"

ቄሱ እጃቸውን ከጭቃው ሳያወጡ ቀና አሉ። "መጣላትሽን ተዪ እንጂ ጸሎቱን አትተዪ። አንቺ ቦታሽ ላይ ቁሚ፣ ልጄ።"

"እየቆምኩ እኮ ነው!"

"እየሮጥሽ ነው" አሏትና ወደ ጭቃቸው ተመለሱ።

ማንያህልሻል ቅር እያላት ወጣች። ዶሮ ባይኖርስ ቆሞ መጸለይ ማንን ያቅተዋል፣ አለች በልቧ። ያም ሆኖ ቃሏን አላጠፈችም። ልቧ እንደተበተነ፣ በየማለዳው ከብሳናው ሥር መቆሟን ቀጠለች።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ሜዳው በመች አበባ ቢጫ ለብሶ ሳለ፣ የአጥናፉ ታናሽ ወንድም ቸኮል በቅሎ እየጎተተ ማልዶ ከተፍ አለ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የቸኮልን ስም ያወጣው መልአክ እንግዲህ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ነው። ቸኮል ክፉ ሰው አልነበረም። ትኩስ ገንፎ ግን አፉን ሳያቃጥለው በልቶ አያውቅም።

"እትዬ፣ እንደምን አደርሽ፣ ቶሎ በይ፣ አጥናፉን ዛሬ ላመጣው ነው!" አላት በአንድ ትንፋሽ።

ማንያህልሻል ደረቷን ያዘች። "ድኗል አሉህ?"

"ድኖስ አልዳነም። አጥማቂዎቹ 'ትንሽ ይቆይ' ይላሉ። ግን በምርኩዝ ቆሟል፤ ይበቃዋል! ጤፉ ነጥቷል፣ ዛሬ ነገ ይረግፋል። ቤት ቢገባ ቢያንስ ተቀምጦ ሰው ያዝዛል። ብለምነው ብለምነው 'ማኔ ና ካለች እመጣለሁ፣ ቆይ ካለች እቆያለሁ' አለኝ። በይ አንድ ቃል ስጪኝና ልሂድ፤ በቅሎዋ የሰው ናት።"

ሴትዮዋ በሁለት ሐሳብ መሐል ቀረች። ባሏ ናፍቋታል፤ ጤፉም እውነት ነው፣ ከረገፈ የዓመት ጉሮሮ ነው የሚዘጋው። ደግሞ ጠበሉን አቋርጦ የመጣ ሰው ሕመሙ አገርሽቶበት ዳግመኛ ሳይነሣ ሲቀር በዓይኗ አይታለች። "ና" የሚለውም "ቆይ" የሚለውም ቃል እኩል አፏ ላይ መጣ።

"ጸሎቴን ላድርስና እነግርሃለሁ" አለችው።

"እትዬ፣ ጸሎት አይረግፍም! የሚረግፈው ጤፉ ነው!"

"አንተም አትረግፍም፤ ተቀመጥ።"

ነጠላዋን አጣፋችና ከብሳናው ሥር ቆመች። ቸኮል መቀመጥ የት ያውቃል፤ በቅሎዋን ከአጥሩ አስሮ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር። እሷ ገና አማትባ ሳትጨርስ ከታች ከቄሱ ሰፈር በኩል የሩቅ ጎርፍ የመሰለ ድምፅ መጣ። ቸኮል ቀና ሲል ሰማዩ ላይ ጥቁር ነገር እየተጠቀለለ ይመጣል። የቄስ ይሁኔ ንብ መንጋ ሆኖ ከቀፎው መውጣቱ ነበር። ቄሱም ማር የተቀባ ባዶ ቀፎ ታቅፈው፣ የሚጨስ ኩበት ይዘው፣ ጥምጥማቸው እየተፈታ፣ ንባቸውን ተከትለው ዳገቱን ይወጣሉ።

እንዲህ ከቀፎው የወጣ የንብ መንጋ ቤት ፍለጋ ላይ ነው፤ ካልነኩት ሰው አይነካም። ይህን ለቸኮል ማን ይንገረው! ጋቢውን ከትከሻው ገፎ ያወናጭፍ ጀመር። "እሽ! እሽ!" አንዷን መታ፤ ሁለቱ መጡ። ሁለቱን ሲመታ ደመናው ግማሹ እሱ ላይ ዞረ። በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ ሽቅብ ፈረጠጠች። ቸኮልም እየጮኸ፣ ራሱን በጋቢው ሸፍኖ፣ ጎተራው ሥር ተወሸቀ።

የቀረው ንብ ከማንያህልሻል ራስ በላይ ባለው የብሳና ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። ቅርንጫፉ አልበቃው ሲል ወደ ነጠላዋ ወረደ፤ ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ የራሷን ሽፋን ሞላው። እጇ ተነሥቶ ሊያራግፍ ነበር።

"ማኔ!" የሚል የቄሱ ድምፅ ከአጥሩ በኩል መጣ። "እጅሽን አታንሺ! ቦታሽ ላይ ቁሚ!"

ያን ጊዜ "ቁሚ" የሚለው ቃል ገባት። እጇን ቀስ ብላ መለሰችና ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ የምትይዘው ነገር ስላልነበራት ጸሎቷን ያዘች። "አባታችን ሆይ..." አለች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

አንዲት ንብ በጉንጯ ላይ ስትሄድ ተሰማት። ጥዳው የመጣችው ንፍሮ ትዝ አላት፤ ያርራል። ንፍሮውን ከሐሳቧ ልታባርር አልደፈረችም፤ የምትንቀሳቀስ እየመሰላት ፈራች። ዝም ብላ ቀጣዩን ቃል አለች። ንብዋ ጉንጯን ጨርሳ በረረች፤ ንፍሮውም ከሐሳቧ ሄደ። ቀጥሎ ዶሮዎቹ መጡ፤ ብቅሉ ላይ ሲጭሩ ትሰማለች። እነሱንም አልተጣላችም፤ ቃሏን ቀጠለች፣ ጩኸታቸውም ራቀ። ከዚያ ቸኮል ከጎተራው ሥር ሲያቃስት ሰማች። ከዚያ ጤፉ መጣ፣ እየነጣ፣ እየረገፈ፤ ይህ ከሁሉም ከበደ። ልቧ ተጨነቀ። ግን እንደ ወትሮው "ሂድ!" አላለችውም፣ አብራውም አልሄደችም። መጥቶ፣ ዙሪያዋን ዞሮ፣ እሱም አለፈ።

በመጨረሻ የቀረው አጥናፉ ብቻ ነበር። ባለፈው ልትጠይቀው ስትሄድ ግድግዳውን ይዞ እስከ በሩ በእግሩ ሸኝቷት፣ እንደ ልጅ ስቆ ነበር። ያንን ሳቅ ፍርሃቷ ሸፍኖባት እስከዚያ ቀን አላስተዋለችውም። እየዳነ ነው። እንባዋ በተዘጋው ዓይኗ ሥር ወረደ። ያን ቀን ጸሎቷን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድም ሳትዘል፣ እያንዳንዱን እያወቀችው ጨረሰች።

ቄስ ይሁኔ በዚህ መሐል ማር የተቀባውን ቀፎ ከቅርንጫፉ ሥር ደግፈው፣ ጥቂት ጭስ በቀስታ እያሳዩ ንቡን ወደ ውስጥ መርተውታል። ከነጠላዋ ላይ የነበረውም እናቱን እንደሰማ ልጅ ተከታትሎ ገባ። አንዲትም ንብ አልነደፈቻትም። "አሜን" ብላ ዓይኗን ገለጠች።

ቸኮል ከጎተራው ሥር ሲወጣ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፣ ከንፈሩ አብጧል። እንዲያም ሆኖ "እሺ፣ ምን ልበለው?" አላት።

"ቆይ በለው" አለች ማንያህልሻል ያለ ማመንታት። "የፈራሁት ለጤፉ እንጂ ለአጥናፉ አልነበረም። ጤፉን ሰው ያጭደዋል፤ የባሌን እግር ግን ማንም አይተካልኝም። አጥማቂዎቹ 'ሂድ' ሲሉት ይመጣል።"

"ማን ነው የሚያጭደው?"

"አንተ ነሃ! ዓይንህ ሲገለጥ ማጭድህን ይዘህ ና።"

ቄሱ ሳቁ። ቸኮልም የሚስቅበት ከንፈር ቢያጣ ራሱን ነቀነቀ። በቅሎዋ ከእሱ ቀድማ ባለቤቷ ደጅ ስለደረሰች፣ የሚያስቸኩለው ነገርም አልቀረለትም።

ማንያህልሻል ደቦ ጠራች። የሰፈሩ ሰው እየዘፈነ ጤፉን አጨደ፤ ከፊት መስመር የተሰለፈው ቸኮል ነበር። የገና በዓል ሳይደርስም አጥናፉ ወንዙን በእግሩ ተሻግሮ ቤቱ ገባ። ማንያህልሻል ቃሏ ቢሞላም ከብሳናው ሥር መቆሟን አልተወችም። ዶሮዎቹም አልተዉም። ግን ከዚያ ወዲያ "እሽ" ስትል የሰማት የለም።

ከዚያ በኋላ በአንድ የጊዮርጊስ ማኅበር ቀን ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲጫወት፣ ቸኮል አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። "እኔም እንደ እትዬ ልጸልይ ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው? ዛሬ ጠዋት ሐሳቤን ሳባርር፣ ሳባርር ጸሎቱን ሳልጀምረው ረፈደ። አንዱን ስመልስ ዐሥር ይመጣብኛል። ለእኔ የተፈጠረ ነገር አይደለም መሰለኝ።"

ማንያህልሻል "ለእኔም እንደዚሁ ነበር፤ አይዞህ፣ ነገም ቁም" አለችው። ቄስ ይሁኔ ግን ዋንጫቸውን አስቀመጡና፣ ያ የጥቅምት ማለዳ ፊታቸው ላይ እንደ አዲስ እየሳቀ፣ "ስማኝ ልጄ፣ ንብና ሐሳብ፣ እሽ ቢሉት ይበዛል፣ ዝም ቢሉት ይጓዛል" አሉት።