የአያ ከርከሮ ቤዝ ጊታርና የተረፈችው አጥንት

ተረት ተረት!

«የዜማ መሠረት» በሉኝ እንጂ። ጎበዝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳው ብቻ ሳይሆን ዕቃው ሁሉ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ አንድ ከርከሮ ነበረ። አያ ከርከሮ ቤዝ ጊታር ነበረው። ጊታሩ ባለ አራት ክር ነው፤ ክሮቹም ወፋፍራም ናቸው። ያን ጊዜ ጊታር የሚናገረው በክሩ ነበር። ክር ካለው ያወራል፤ ክሩ ከተፈታ ዝም ይላል።

አያ ከርከሮ በዱር እንስሳት ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር። የባንዱ አለቃ ጋሼ ጉሬዛ ናቸው። ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ደርበው ማሲንቆ ይመታሉ። ከበሮው የዝንጀሮ ነው። አያ ከርከሮ ደግሞ ከኋላ ቆሞ «ዱም፣ ዱም፣ ዱም» ያደርጋል። ዓይን አፋር ስለነበረ ከባንዱ በቀር የሚጠጋው ጓደኛ አልነበረውም።

አንድ ቀን ጊታሩ ታመመ። «ዱም» ማለቱን ትቶ «ዝዝዝ» ማለት ጀመረ።

ጋሼ ጉሬዛ ማሲንቋቸውን አስቀመጡ። «ከርከሮ፣ ምንድን ነው ይሄ ዝንብ?»

«ጊ... ጊታሩ ነው፣ ጋሼ።»

«እሑድ የሚዳቋ ልጅ ሠርግ ነው። እስከዚያ ይህን ዝንብ አባርር። አለዚያ በቦታህ ጉርጥን አቆማለሁ።»

ጉርጥ ይህን ሲሰማ ከኩሬው ብቅ አለ። «ጓ! ጓ! እኔ ክር አልፈልግ፣ ብሎን አልፈልግ፤ ምሳዬን ብቻ አብሉኝ!» ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አያ ከርከሮ ጊታሩን አዝሎ ሄደ። በመንገዱ ላይ የእመት ጃርት ቤት አለ። እመት ጃርት የተሰበረውን የሚጠግኑ፣ የላላውን የሚያጠብቁ ባለሙያ ናቸው። ከርከሮ እደጃቸው ድረስ ሄዶ ቆመ። «ቢስቁብኝስ?» አለና ተመለሰ። እንደገና መጣ። «ይሄን እንኳ አታውቅም ቢሉኝስ?» አለና ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ መጣ። በሩን ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሣ ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ ሰማ። ሮጠ!

«ራሴው እጠግነዋለሁ» አለ ቤቱ ገብቶ። ካቻቪቴ አመጣ።

«ቀስ!» አለ ጊታሩ። «የምትፈታውን ሁሉ በተራ አስቀምጥ። ከአንገቴ ጫፍ ያለችውን ደግሞ...»

ይህን ሲል የመጨረሻው ክር ተፈታ። ጊታሩ ዝም አለ።

አያ ከርከሮ ፈታ፣ አራገፈ፣ ጠረገ፣ ወለወለ። ከውስጡ ሁለት የሞቱ ጉንዳኖች አወጣ። ከዚያም ገጣጠመው። ገጥሞ ሲጨርስ መሬት ላይ አንዲት ነጭ አጥንት ቀረች። ርዝመቷ ጣት አይሞላም፤ ጀርባዋ ላይ አራት ጭረት አለ።

«እንኳን መጠገን፣ ተረፈኝም!» ብሎ ዘለለ። «የሠራው አብዝቶበት ኖሯል።»

«ኧረ እኔ ትርፍ አይደለሁም!» አለች አጥንቷ። «መልሰኝ!»

«ትርፍ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው» አለ ከርከሮ።

ጊታሩን ነካው። ጊታሩ ሊናገር ቢሞክርም ከክሩ የወጣው ይኸው ብቻ ነበር፦ «ዝዝዝ!»

«መልሰኝ!» አለች አጥንቷ።

«ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።» ክሮቹን የበለጠ ወጠራቸው። «ዝዝዝዝ!»

«መልሰኝ!»

«ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።» ጊታሩን ከራስ እስከ እግሩ ቅቤ ቀባው። ጊታሩ ወዛ፤ ድምፁ ግን «ዝዝዝዝዝ!»

«መልሰኝ እኮ ነው የምልህ!»

«ዝም በይ አልኩሽ!» ክሮቹን ፈትቶ ድስት ውስጥ ከተታቸው። እንደ ጎመን ተንተከተኩ። አውጥቶ አደረቃቸው፣ መልሶ ወጠራቸው። «ዝዝዝዝዝዝ!»

አያ ከርከሮ ቁጭ አለና አለቀሰ። ቅዳሜ ደርሷል። ሠርጉ ነገ ነው።

ጊታሩን አዝሎ፣ አጥንቷን በከረጢቱ ይዞ ወደ ገበያ ወጣ። እዚያ አያ ጅቦ «ልዋጭ! ልዋጭ! ያረጀ አምጡ፣ የሚያበራ ውሰዱ!» እያለ ይጮኻል። ፊቱ የተቀደደ ከበሮ፣ አንድ ክር የቀረው ክራር፣ ትንፋሽ ያጠረው ዋሽንት ደርድሯል። ከመሃል አንድ ቀይ ቤዝ ጊታር እንደ ሙሽራ ያበራል። በክሮቹና በአንገቱ መካከል ጨርቅ ተጠቅጥቋል።

«ጨርቁ ለምንድን ነው?» አለ ከርከሮ በቀስታ።

«ብርድ እንዳይመታው ነዋ፣ ወንድሜ! እንዲህ ያለ ዕቃ እንደ ጨቅላ ነው የሚያዘው።»

«አንገቱስ ደህና ነው?»

«አንገቱ? አንገቴን ለካራ!»

ከርከሮ ከዚህ በላይ መጠየቅ አፈረ። «እሺ፣ እንለዋወጥ» አለ።

«ምርቃትስ? ያለ ምርቃት ገበያ የለም። ትንሽ ነገር ጣል አድርግበት እንጂ።»

ከርከሮ ከረጢቱን ቢበረብር ከአጥንቷ በቀር ምንም አልነበረውም።

«ኧረ ተው! ለማንም ስጠኝ፣ ለእሱ ብቻ አትስጠኝ!» አለች አጥንቷ።

«ትርፍ ናት» ብሎ ሰጠው። ጅቦ አሸተታትና ለምሳው በጉንጩ ሥር ሸጎጣት።

አያ ከርከሮ ከገበያው ዳር ሲደርስ ከቀዩ ጊታር ላይ ጨርቁን ነቀለ።

«ኡፍ! ታፍኜ ልሞት ነበር!» አለ ቀዩ ጊታር። «ወንድሜ፣ ጉድ ሆነሃል። አንገቴ እንደ ደጋን የጎበጠ ነው። በእኔ የተታለልክ አንተ አራተኛው ነህ።»

ከርከሮ በመጣበት እግሩ ሮጦ ተመለሰ። ሲደርስ እመት ጃርት የእሱን ጊታር ይዘው እያገላበጡ ያያሉ።

«ይሄን ማነው ቅቤ የቀባው?» አሉ።

ከርከሮ መሬት ቢውጠው በወደደ። «እ... እኔ ነኝ፣ እመት ጃርት።»

«ከደጄ የሮጥከውም አንተ ነህ?»

«እኔው ነኝ።»

«አንዲት ብሎን ነበረች የላላችው። ሩብ ዙር ብታዞራት ይበቃ ነበር። ለመሆኑ ከአንገቱ ጫፍ ያለችው አጥንት የታለች? ክሮቹ የሚያርፉት በእሷ ላይ ነው። እሷ ከሌለች አንገቱ ላይ ተኝተው ይንጫጫሉ እንጂ አይዘፍኑም።»

ከርከሮ ወደ ጅቦ ዞረ። «አያ ጅቦ፣ እባክህ ጊታሬን መልስልኝ!»

«የተለወጠ አይመለስም!»

ይህን ጊዜ ቀዩ ጊታር ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ። «ስሙኝ ገበያተኞች! ጎባጣ ነኝ! ጥንቸልን በእኔ አታለለ! አጋዘንን በእኔ አታለለ! አፌን በጨርቅ ጠቅጥቆ...»

ገበያተኛው ተሰበሰበ። ጥንቸል ከእነ ባሏ መጣች። ጅቦ ላብ በላብ ሆነ። «ውሰድ! ያንተን ውሰድና ይሄን ለፍላፊ አምጣልኝ!»

«ምርቃቴስ?»

«ምርቃትህ?» ጅቦ ክው ብሎ አፉን ገጠመ። ቀርጨም!

ገበያተኛው ሁሉ ወደ ጉንጩ አየ።

«ይቅርታ» አለ ጅቦ እየዋጠ። «ስደነግጥ እንደዚህ ነኝ።»

አጥንቷ ሄደች። እመት ጃርት ከርከሮን ወደ ቤታቸው ወሰዱት። የላላችውን ብሎን አጠበቁ፤ ቅቤውን ጠረጉ። በአጥንቷ ቦታ የዋንዛ እንጨት ሞከሩ፤ ክሩ በላው። የቅል ስባሪ ሞከሩ፤ ፈረከሰ። ድንጋይ ሞከሩ፤ ሞረዱ «እምቢ፣ ጥርሴን አታስጨርሱኝ» አለ። ከዚያ እመት ጃርት የከርከሮን አፍ ትክ ብለው አዩ።

«ምነው፣ ምን ያዩብኛል?»

«አራት ክራንቻ አለህ።»

ከርከሮ አፉን ግጥም አደረገ።

«ትንሿን የታችኛዋን ብቻ» አሉ።

«ሌላ መላ የለም?»

«አለ። ጉርጥ አለ።»

አያ ከርከሮ አፉን ከፈተ።

እመት ጃርት ያረጀ ወፍራም ክር አምጥተው አንዱን ጫፍ ከጥርሱ፣ ሌላውን ከዋርካ ሥር ጋር አሰሩ። «እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። አንድ...» አሉና ከኋላው በእሾሃቸው ወጋ አደረጉት። ከርከሮ ዘለለ። ጥርሷ ከዋርካው ሥር ቀረች።

«እስከ ሦስት ብለውኝ አልነበረም?» አለ በእንባ።

«ሁለትና ሦስትን ለሌላው ጥርስህ አስቀምጣቸው። በል፣ አሁን አንተው ሞርድ።»

ከርከሮ ሞረዱን አነሣ። ትንሽ ሞረደና «ይበቃል?» አለ። «ገና» አሉ። ሞረደና «ይበቃል?» አለ። «ገና» አሉ። ለአራቱም ክር አራት ጭረት አወጣና «ይበቃል?» አለ። «በቃ» አሉ። መጠየቅ እንደፈራው አልነበረም። እመት ጃርት አንድ ጊዜም አልሳቁበትም።

ጥርሷን ቦታዋ ላይ አስገቡ፤ ክሮቹን ወጠሩ።

«እፎይ!» አለ ጊታሩ። «አሁን ገና ቀና አልኩ። ይህች አዲሷ ግን ማናት?»

«ዘመድ ናት» አለ ከርከሮ።

እሑድ በሠርጉ ላይ ጉርጥ ካባ ተውሶ፣ ከባንዱ ጎን ቆሞ ተጠባበቀ። ጋሼ ጉሬዛ ማሲንቋቸውን ጀመሩ። ዝንጀሮ ከበሮውን ቀጠለ። አያ ከርከሮም ከኋላ ሆኖ ነካው። «ዱም።» የሙሽራው አባት ትከሻ ተነሣ። «ዱም።» የሙሽሪት አያት ምርኩዛቸውን ጣሉ። «ዱም።» ዳሱ ሙሉ ተነሥቶ ጨፈረ። ጉርጥ ካባውን አውልቆ ወደ ምሳው ሄደ።

ጋሼ ጉሬዛ ዞር ብለው «ከርከሮ፣ ይህን ድምፅ ከየት አመጣኸው?» አሉ።

«ከአፌ፣ ጋሼ» አለ ከርከሮ፤ ከፍቶም ባዶዋን ቦታ አሳያቸው። ባንዱ በሙሉ ሳቀ። እሱም አብሯቸው ሳቀ።

እናንተም አንድ ነገር ፈታታችሁ ሰው ደጅ ላይ ስታመነቱ ይህችን አስቧት፦ ሲፈታ ያልጠየቀ፣ ሲገጥም ጥርሱን አወለቀ።