ሁለቱ ሜዳዎችና ነጩ ሸራ ጫማ

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ነበረ። ስሙን ተዉት፤ ስሙ ምን ያደርግላችኋል? ደህና ሰው ነው። መንገድ ሲያሠራ ኖሮ በጡረታ የወጣ፣ ከሚስቱ ጋር በሰላም የሚኖር፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ ነገር ወደደ፤ ጎልፍ። ጠዋት ዱላዎቹን አንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ያችን ትንሽ ነጭ ኳስ ይመታል፣ ተከትሏት ይሄዳል፣ ደርሶ ደግሞ ይመታታል። ይህ ምን ክፋት አለው? ምንም።

ይህ ሰው ታላቅ እህት አለችው፤ እትዬ አስካለ። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ፈትል ፋብሪካ ቆማ ትውላለች፣ ስትመለስ እሱን አዝላ ወጥ ትሠራለች። እንደዚያ አድርጋ አሳደገችው።

አንድ ጊዜ ፋብሪካው ሠራተኞቹን ምጽዋ ወስዶ ባሕር ሊያሳያቸው ሆነ። አስካለ ለዚያ ጉዞ ቀሚስ አሰፋች። አውቶብሱ ሊነሳ ሲል ትንሹ ወንድሟ ኩፍኝ ወጣበት። ቀሚሷን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችና ቀረች። ሌሎቹ ሄደው፣ ባሕሩን አይተው፣ ዛጎል ይዘውላት ተመለሱ። እሷ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሳችበትም። የነገረችው የጎረቤት ሴት ናት፣ እሱ ካደገ በኋላ።

ያ ነገር ውስጡን ሲበላው ኖረ። ጡረታ የወጣ ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ እህቱ ቤት ሄዶ ቃል ገባላት። ባሕር አሳይሻለሁ አላት። በዳርቻው አብረን በእግራችን እንሄዳለን፣ አንቺ ከፊት እኔ ከኋላ፣ እስኪደክመን እንሄዳለን አላት። ለመንገዱም ነጭ ሸራ ጫማ ገዝቶላት ነበር። እትዬ አስካለ ጫማውን አገላብጣ አየችና ሳቀች። በዚህ ዕድሜዬ ነጭ ጫማ ካደረግኩ የሰፈሩ ሰው ልትዳር ነው ይለኛል አለች። ግን አጠለቀችው። ልክ ሆናት።

እንግዲህ የቀረው ቦታውን መምረጥ ነው።

በኬንያ ባሕር ዳር ሁለት ሪዞርቶች አገኘ። ሁለቱም ሊንክስ የሚሉት ዓይነት የጎልፍ ሜዳ አላቸው፤ ከባሕሩ አፋፍ፣ በአሸዋማ መሬት ላይ የተዘረጋ፣ ዛፍ የማይጋርደው፣ ንፋስ እንደ ልቡ የሚመላለስበት ሜዳ ማለት ነው። ሁለቱም ጋ እንግዳ ባሕሩን እያየ የሚሄድበት የእግር መንገድ አለ። አንደኛው ገደል አናት ላይ ነው፤ ሣሩ እንደ ምንጣፍ፣ ባሕሩ ግን ከታች ነው። ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ከውኃው ጋር እኩል ነው፤ መንገዱ እርጥቡ አሸዋ ድረስ ይወርዳል። ሜዳው ግን አርጅቷል፣ ሣሩ ቦታ ቦታውን ተመልጧል።

የቱ ይሻላል? እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር?

ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ ታብሌቱን ይዞ እህቱ ቤት ይመጣል። ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ ሥዕሎቹን ያሳያታል። ይህ ገደሉ ነው፣ ይህ አሸዋው ነው፣ ንፋሱ ከዚህ በኩል ይመጣል ይላታል። እሷ አጠገቡ ትቀመጥና ታያለች። ነጩን ጫማ እንዳጠለቀች ነው። እሱ በመጣ ቁጥር ያ ጫማ እግሯ ላይ ነው። ስጦታዬን ወደደችልኝ ብሎ ደስ ይለዋል።

የቱ ይሻልሻል ሲላት መልሷ አንድ ነው፤ አንተ ደስ ያለህ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንተ ታውቅበታለህ። የኛን ነገር ታውቁታላችሁ። ሰው ሊያስደስተን ሲደክም፣ ይህን ነው የምፈልገው ማለት ነውር ይመስለናል። እሱም ደግሞ አንተ ደስ ያለህ ስትለው እውነት መሰለው፤ ደስ ያለውን ሊመርጥ ተቀመጠ።

መምረጥ ግን አልሆነለትም። ገደሉን መረጥኩ ይልና ደረጃው ለጉልበቷ ይከብዳት ይሆን ይላል። አሸዋውን መረጥኩ ይልና ያ የተመለጠ ሣር ትዝ ይለዋል። ለእሷ ነው እያለ ንፋስና ሣር ያመዛዝናል። አብሮት የሚጫወት ሻምበል ዘለቀ የሚባል ጡረተኛ ነበር፤ እንዲህ አለው፦

«አንተ ሰው፣ ሚስትህን ስታጭ እንኳ ይህን ያህል አላማረጥክም። በዚህ ዓይነት ባሕሩ ራሱ ይደርቃል።»

ሻምበሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያም የዝናቡ ወቅት ይለፍ ተባለ። ዝናቡ ሲያልፍ፣ ከውኃው እኩል ያለው ሜዳ እድሳት ላይ ነው ተባለ፤ ያልቅና ይታያል አለ። ሲያልቅ ፍልሰታ ሆነ፤ ጾሙ ይፈታ ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ነጎደ።

እትዬ አስካለስ? እሷማ ለመንገዱ እግሯን ታለማምዳለች። ጠዋት ጠዋት ነጩን ጫማዋን አድርጋ ብቻዋን ትወጣለች። መጀመሪያ እስከ ዳቦ ቤቱ ነበር። ከዚያ እስከ ባሕር ዛፎቹ። በኋላ እስከ ድልድዩ ድረስ መሄድ ጀመረች። ቅዳሜ ወንድሟ ሲመጣ፣ ዛሬ እኮ ድልድዩ ደረስኩ ትለዋለች። ድልድዩ ቅርብ ነው፣ ከፈለግህ ላሳይህ ትለዋለች። እሱ ዓይኑን ከታብሌቱ ሳያነሳ፣ ጎበዝ፣ በርቺ ይላታል።

ወገኖቼ፣ ሰማችሁ? ላሳይህ አለችው። ጎበዝ አላት።

መስከረም ላይ ሰውዬው ቆረጠ። አሸዋው ያለበትን መረጠ። በዚያው ሳምንት እትዬ አስካለ ፊቷን ልትታጠብ እንደጎነበሰች ቀኝ ጎኗ ከዳት። ሐኪም ቤት አደረሷት፤ ነፍሷን እግዚአብሔር አተረፈ። አፏ ተመለሰ፣ እጇም ቀስ በቀስ ተመለሰ። እግሯ ግን አልታዘዝ አለ። በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቤቷ ገባች።

ቅዳሜ መጣ። ወንድም መጣ፤ ታብሌት የለ፣ መነጽር የለ፣ ባዶ እጁን። ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ እግሯ ላይ አረፈ፤ ነጩ ጫማ አለ። ሰው ለምና አስጠልቃዋለች።

«እትዬ፣ መርጬልሽ ነበር እኮ» አላት።

«የቱን?»

«አሸዋውን።»

«ጥሩ አደረግህ» አለችው።

ከዚያ ሰውዬው ያን ሁሉ ጊዜ ከልቡ ያልጠየቀውን ጠየቀ። እንደ ወጉ ሳይሆን እየለመነ ጠየቃት።

«እትዬ፣ ሙት በይኝና ንገሪኝ። አንቺ የቱን ነበር የምትፈልጊው?»

እትዬ አስካለ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

«ሆዴ፣ ባሕሩንማ ከተውኩት ስንት ዘመኔ። አብረን እንሄዳለን ስትለኝ ነው ደስ ያለኝ። እንዲያው አንድ ቅዳሜ፣ ተነሺ እስከ ድልድዩ ደርሰን እንምጣ ትለኝ ይሆናል እያልኩ ጫማዬን አድርጌ እጠብቅሃለሁ። አንተ ሥዕሉን ዘርግተህ ትቀመጣለህ።»

«ታዲያ ምነው አትይኝም ነበር?»

«እንዴት ብዬ? እንዲያ ስትለፋልኝ እያየሁ፣ ተወው ይቅርብኝ እንዴት ይባላል?»

ሰውዬው መንገድ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው፤ አገር ከአገር ሲያገናኝ ኖሯል። ከእህቱ ደጅ እስከ ድልድዩ ያለውን መንገድ ግን አንድ ቀን አብሯት አልሄደበትም።

ተነሳ። ወንበሯን ይዞ ወጣ። ጎማው ኮብልስቶኑ ላይ እየተንገጫገጨ፣ እሱ እያላበው፣ ዳቦ ቤቱን አለፉ፣ ባሕር ዛፎቹን አለፉ። ድልድዩ አጠገብ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለ። ከሩቅ ሲያያት ከመቀመጫው ተነስቶ ቆቡን አወለቀ። እግዜር ይማርዎት እማማ፣ ጠፉብን እኮ አላት። ከዚያ ወንበሩን የሚገፋውን ሰው አየና፦

«አብሮኝ ይመጣል የሚሉን ወንድምዎ እኚህ ናቸው?»

«ናቸው» አለች፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ።

«ምነው፣ በጣም ቆዩሳ።»

እትዬ አስካለ ቀበል አድርጋ፣

«ሥራ በዝቶበት ነው» አለች።

አያችሁ? ለእሷ ቀሚሱን አጥፎ ሳጥን ውስጥ መክተት ልማዷ ነው። ያን ቀንም አጠፈችለት። ሰውዬው ግን ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፤ እዚያ ድልድይ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለን። እርግማን እናወርድበትና ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር። ግን የቱ ላይ ነው የበደላት? ጫማ ገዛላት። ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ሲያስብላት ነበር። ፍቅሩን ግን ሁልጊዜ ወደፊት ያስቀምጠዋል፣ ባሕሩ ዳር። እሷ እዚሁ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር።

እኛስ? እናንተስ? ለእናታችሁ ቤት አሳድሳለሁ እያላችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ? እሷ የምትፈልገው ያንኑ የሚያፈስ ቤት ገብታችሁ ትንሽ ብትቀመጡላት ቢሆንስ? ለባላችሁ፣ ለሚስታችሁ፣ ልጆቹ ይደጉና፣ ሥራው ይቅለልና እያላችሁ የምታቆዩት ነገር የለም? እንደው ልባችሁን ጠይቁት። አንተ ደስ ያለህ፣ አንቺ ደስ ያለሽ የሚሏችሁ ሰዎች፣ እውነት ደስ ያላቸው ይመስላችኋል? ደግማችሁ ጠይቃችኋቸዋል?

እናንተ ጫማችሁን አጥልቃችሁ የምትጠብቁም አላችሁ፤ ከመካከላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። እባካችሁ ተናገሩ። እስከ ድልድዩ አድርሰኝ በሉ። ይሉኝታው ማንን ጠቀመ? እህቲቱን የተመኘችውን መንገድ አስቀራት፣ ወንድምን ጸጸት አወረሰው።

እግዚአብሔር ሲወደን ከሩቅ ሆኖ የተሻለ ቦታ ሲያማርጥልን አልኖረም። መጣ፤ በአቧራችን ላይ አብሮን ሄደ።

ሰውዬው አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሩን ይገፋል። እትዬ አስካለ ደስተኛ ናት፤ ለዘበኛውም ለዳቦ ቤቷ ልጅም ሰላምታ ትሰጣለች። እሱ ግን እየገፋ ዓይኑ እግሯ ላይ ነው። የጫማው ሶል በአንድ ወገን ተበልቷል። ብቻዋን የሄደችበት ነው።

ልጆቼ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አትቸኩሉ። ቤት ስትደርሱ እግራቸውን እዩ። ጫማውን ያጠለቀ ሰው ካለ የት እንሂድ ብላችሁ አትቀመጡ። እጁን ያዙና ውጡ። ድልድዩ ቅርብ ነው።