ከትምህርቱ የተሰረዘው ሽታ

ዱሩ ሥርዓት ያለው ዱር ነበር። አንበሳ ይገዛል፣ ነብር ያስገብራል፣ ጉሬዛ ዐዋጅ ይናገራል፤ ሣር በሉ ሁሉ ሣሩን ሲግጥ ይውልና ተራው ሲደርስ ለሌላው ምሳ ይሆናል። በዚህ የሚከፋ ቢኖርም በይፋ የተከፋ አልነበረም። ታዲያ አያ አንበሶ አንድ ቀን በልቶ፣ ጠግቦ፣ ጋደም ብሎ ሲያስብ የዱሩ ልጆች መማር አለባቸው አለ። ከወንዙ ማዶ ካለው ሾላ ሥር የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ርእሰ መምህር ሆኖ የተሾመው አያ ጅቦ ነው። ልጆች እንደሚወድ ዱሩ ሁሉ መስክሮለታል።

የማሽተት መምህርቷ እመት ድኩላ ነበረች። ነፋስ ያመጣውን ሁሉ የምትለይ፣ ለማስተማርም የተፈጠረች ነች። የነብርን፣ የዘንዶን፣ የሰደድ እሳትን፣ የአዳኝ ውሻን ሽታ አንድ በአንድ ታስተምራለች። የጅብ ሽታ ምዕራፍ አምስት ነበር። አያ ጅቦ ገና በመጀመሪያው ዓመት ዕቅዷን ሲገመግም ምዕራፉን በጥፍሩ ፋቀና፣ "ልጆቹን ለምን እናስጨንቃቸዋለን?" አላት። እመት ድኩላም እሷ ራሷ ሥጋ መሆኗን አልረሳችምና "ልክ ነዎት" ብላ ወጣች።

ችግሩ ጭራዋ ነበር። ድኩላ አደጋ ሲሸታት ጭራዋ ሳታዝዘው ሽቅብ ይቆማል፤ ከሥሩ ያለው ነጭ ጠጉር ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት አያ ጅቦ በተማሪዎቹ ሰልፍ መካከል ሲመላለስ፣ እመት ድኩላ ጭራዋን በኋላ እግሮቿ መካከል ወትፋ ፈገግ ትላለች። ልጆቹም ያንን ሽታ የትምህርት ቤት ሽታ ነው ብለው ለመዱት።

የልጆቹ ውጤት ለወላጅ የሚላከው በቅጠል ነበር፤ ለጎበዝ እርጥብ፣ እርዳታ ለሚያስፈልገው ቢጫ፣ ለወደቀ ደረቅ። ደረቅ ቅጠል ወላጅ ያስከፋል፤ ቢጫው ደግሞ ስብሰባ ያስጠራል። ስለዚህ ሁሉም ልጅ እርጥብ ቅጠል ይዞ ይገባል፣ ወላጅም ይደሰታል። በየሩብ ዓመቱ አንድ ሁለት ልጅ ከክፍል ሲጎድል እመት ድኩላ በስሙ ትይዩ "አቋረጠ" ብላ ትጽፋለች።

አንድ ቀን ስንዱ የምትባል የጥንቸል ልጅ ከክፍል በኋላ ጠበቀቻት።

"ቲቸር፣ ክበብ አቋቁመናል።"

"የምን ክበብ?"

"እርስ በርስ የምንፈታተንበት። አንዳችን ዓይናችንን ጨፍነን ሽታ እንለያለን፤ ጓደኛችን ያወቅነውንና ያላወቅነውን ፊት ለፊት ይነግረናል። ይሉኝታ የለም።"

"ጎበዞች!" አለች እመት ድኩላ።

"አንድ ሽታ ላይ አርባችንም ወደቅን፣ ቲቸር። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ይሸታል። አቋረጡ የተባሉት ልጆች መጨረሻ የታዩበት ቦታም ሄደን አሸተትን፤ ያው ነው። ምንድን ነው እሱ?"

"የሾላው ፍሬ ሲበሰብስ እንደዚያ ይሸታል" አለች።

ይህን ስትል የራሷን ድምፅ ሰማችውና አፈረች። ልጆቹ ከእሷ የተሻለ አስተማሪ ሆነው ነበር፤ እርስ በርስ እውነት ይነጋገራሉ። ከስንዱ ጋር የመጣው እሺበል፣ የሚዳቋ ልጅና የክፍሉ አንደኛ፣ "አላልኳችሁም? ቲቸር ካሉ ልክ ነው" ብሎ ለስንዱ ሲነግራት እመት ድኩላ ፊቷን አዙራ ሄደች።

በሳምንቱ አያ አንበሶ ለጉብኝት መጣ። አያ ጅቦ ረጅም ንግግር አደረገ፤ አርባ ተማሪ፣ አርባ እርጥብ ቅጠል፣ የወደቀ የለም። አያ አንበሶ ካዛጋ በኋላ፣ እንዲህ ባለ ቦታ እንደሚባለው፣ "ተማሪዎች ጥያቄ አላችሁ?" አለ። እንዲህ ባለ ቦታ ጥያቄ አይኖርም። ስንዱ ግን ጆሮዋን አነሣች።

"ጃንሆይ፣ አርባችንም እርጥብ ቅጠል ተሰጥቶናል። አርባችንም ግን የማናውቀው አንድ ሽታ አለ። አሁንም እዚሁ ይሸታል። ምን እንደሆነ ይነገረን።"

አያ ጅቦ ሳቀ። "እንዲህ ያለ ተማሪ ነው የምንፈልገው! ላልገባው ማጠናከሪያ ትምህርት አለ። እኔው ራሴ በዋሻዬ እሰጣለሁ፤ አርባችሁም ተከተሉኝ።"

አያ አንበሶ ወደ እመት ድኩላ ዞረ። "አንቺ መምህርት፣ እዚህ የሚሸት ነገር አለ?"

ነፋሱ ከአያ ጅቦ ወደ እሷ ይነፍስ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው። አርባ ልጅ አፍ አፏን ያያል።

"ምንም የለም፣ ጃንሆይ" አለች።

ጭራዋ ግን ከእግሮቿ መካከል አመለጠና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ስንዱ የመምህርቷን አፍ ትታ ጭራዋን አየች። ከዚያ ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ተከትላ አያ ጅቦን አየች። "ሽታው የእሱ ነው! ሩጡ!" ብላ ጮኸች። ልጆቹ እግሬ አውጪኝ ብለው በየቁጥቋጦው ተበተኑ።

አቧራው ሲረጋ ሰልፉ ላይ አንድ ልጅ ብቻ ቀርቶ ነበር። እሺበል ነው።

"ቲቸር 'ምንም የለም' ብለዋል" አለ፣ በጓደኞቹ እያፈረ። "ማጠናከሪያው በየት በኩል ነው?"

"ታዛዥ ልጅ" አለ አያ አንበሶ። አያ ጅቦም ልጁን አስቀድሞ ወደ ዋሻው ይዞት ሄደ። እመት ድኩላ እግሩ ከዓይኗ እስኪሰወር አየችው። "ተመለስ" ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

በማግስቱ ጠዋት ከሾላው ሥር ተማሪ አልነበረም። የመጣችው የእሺበል እናት ብቻ ነበረች፤ መንገድ ያደከማት፣ እንደ ሥርዓቷ ከሩቅ ጎንበስ ብላ ሰላምታ የሰጠች።

"ሌሎቹ እየሮጡ ገቡ አሉ" አለች። "ልጆች ደግሞ ብዙ ያወራሉ፤ አያ ጅቦን ስም ያጠፋሉ። እኔ ግን ከእርስዎ አፍ ልስማ ብዬ መጣሁ። የኔው ልጅ እንዴት ነው፣ ማጠናከሪያው ገባው? ደግሞ የእርስዎን ስም ሳይጠራ እኮ እንቅልፍ አይወስደውም።"

እመት ድኩላ "ጎበዝ ነው" የሚለው የለመደችው መልስ ምላሷ ላይ መጣ። ለስንት እናት እንደዚያ ብላለች! ዋጠችው።

"እሺበል አይመጣም" አለች። "ልጆቹ ያወሩት እውነት ነው። አቋረጡ ያልኳቸው አንዳቸውም አላቋረጡም። እዚህ ሲሸት የነበረው የጅብ ሽታ ነው።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ? እንደዚያ ነበር።

ሚዳቋ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?"