መልሱን ብቻ

አንድ የሊፍት መሐንዲስ ነበሩ፤ ጋሽ ልሳኑ ይባላሉ። የሊፍት ባለሙያዎች በሚወያዩበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ የቤት ሥራውን ይዞ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የሚፈልገው እሳቸውን ነው። ጥያቄው ገና ከመድረሱ መልሱን ቁጭ ያደርጉለታል። ምስጋናው ሲጎርፍ ደስ ይላቸዋል፤ ማንንስ ደስ አይለውም?

የግሩፑ ኃላፊ ኢንጂነር ስኂን ግን አልወደዱትም። አንድ ቀን «ጋሽ ልሳኑ፣ መጀመሪያ ምን እንደሞከረ ቢጠይቁትስ? አስቦበት ይምጣ» ብለው ጻፉ።

«ለልጅ አንድ መስመር መንፈግ ምን የሚሉት ስስት ነው?» አሏቸው ጋሽ ልሳኑ።

ከሁሉም የባሰው አቤኔዘር የሚባል ተማሪ ነበር። ምክንያቱን ሊያስረዱት ሲጀምሩ «እባክዎ ጋሼ፣ መልሱን ብቻ» ይላቸዋል። እሳቸውም መልሱን ብቻ ይልኩለታል።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ ልሳኑ ዘመድ ሊጠይቁ አንድ ሕንፃ ላይ ሲወጡ መብራት ጠፋና ሊፍቱ በፎቆች መካከል ቀጥ አለ። ብቻቸውን ነበሩ። ከታች «አይዞዎት አባቴ፣ አሁን ያወርዱዎታል» የሚል ድምፅ ሰሙ። በጨለማው ውስጥ ስልካቸው በራ፤ ከግሩፑ መልእክት ገብቷል።

«ሊፍት ቆሞብኛል፤ ውስጡ ሰው አለ። ብሬኩን በእጄ ብለቀው ወዴት ይሄዳል? መልሱን ብቻ።»

ላኪው አቤኔዘር ነው፤ ተምሮ ሊፍት ጠጋኝ ሆኗል። ወዲያው ከራሳቸው በላይ፣ ከሞተሩ ክፍል፣ ኮቴ ተሰማቸው።

«ወደ ላይ ነው የሚሄደው! ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ የተንጠለጠለው ማመጣጠኛ ብረት ከሊፍቱና ከእኔ ይበልጥ ይከብዳል» ብለው ጻፉ። ኔትወርኩ የሌላውን ያስገባል እንጂ የእሳቸውን አላስወጣ አለ። «ላይ ያሉትን ብሬኩን አይንኩ በሏቸው!» ብለው ጮኹ። ከታች ያሉት «ፈርተው ነው» ተባባሉ።

«ጋሽ ልሳኑ የት ጠፉ? ይህ የእሳቸው ጥያቄ ነው» አለ አንዱ በግሩፑ። ኢንጂነር ስኂን «አቤኔዘር፣ ውስጥ ስንት ሰው አለ? አይተሃል?» ሲሉ ጠየቁ።

አቤኔዘር ግን የድሮ መልእክቶቹን እያገላበጠ ነበር። «አገኘሁት፤ ጋሽ ልሳኑ ድሮ ለቤት ሥራዬ የላኩልኝ አለ» ብሎ የቆየውን መልእክት ለጠፈ። «ወደ ታች» ይላል። ያ የቤት ሥራ ሰው ጢም ብሎ ስለሞላበት ሊፍት ነበር።

ከላይ ብሬኩ ቀጭ ብሎ ተለቀቀ። ሊፍቱ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እየፈጠነ ወደ ላይ፣ ወደ ሕንፃው ጣሪያ ወጣ። በር ከፍተው ከታች የሚጠብቋቸው ሰዎች ድምፅ እየራቀ ሄደ።

መልሱን ብቻ የሰጠነው ተማሪ፣ ማየት ሳይማር ሥራው ላይ ይደርሳል። ደግነት የመሰለን ነገር ዓይኑን ወስዶበታል። እስኪ እርስዎም ያስቡት፤ ዛሬ በግሩፕዎ «መልሱን ብቻ» ለሚልዎት ልጅ ምን ሊሉት ነው? ነገ ብሬኩን የሚይዘው እሱ ነው፤ ሊፍቱ ውስጥ ማን እንደሚሆን ግን ማናችንም አናውቅም።