የተቀጠረው እጅ

የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ አቶ አንዳርጌ ቀጠሮ መስጠት የሚወዱ፣ ፍርድ መስጠት ግን የሚያማቸው ሰው ነበሩ። አንዲት ምላሰኛ ባልቴት፣ ባለጸጋ ጎረቤቷ ላሟን ቢነጥቃት ከሰሰችው። ዳኛው ታዲያ «ጉዳዩ ይጣራ» እያሉ ከፋሲካ ወደ ፍልሰታ፣ ከፍልሰታ ወደ ጥምቀት ሲያንከባልሏት፣ ላሚቱ እዚያው ሰውዬው ደጅ ወለደች፣ ታለበች፣ ደግማም ወለደች። ባልቴቷ እቴ፣ የወተቱን ሽታ እንኳ ረሳችው!

የዳኛ ምርጫ ደረሰና ሕዝቡ ተሰበሰበ። አቶ አንዳርጌ «አንድ ሰው ሳይቀር ካልመረጠኝ» ብለው ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። «የሚደግፈኝ እጁን ያውጣ!» ሲሉ፣ እጁ ሁሉ እንደ ማሽላ አገዳ ቀጥ አለ። የባልቴቷ ብቻ ነጠላዋ ውስጥ ቀረ።

«አንቺ ሴትዮ! ተቃዋሚ ነሽ እንዴ?» ብለው ጮኹባት። ሰው ሁሉ ክው አለ።

«ኧረ በስመአብ! እኔ መች ተቃወምኩ፣ ክቡር ዳኛ?» አለች እጅ ነስታ። «ጉዳይዎ እስኪጣራ ድረስ እጄን ለፋሲካ ቀጥሬዋለሁ እንጂ።»

ሳቁ ሲፈነዳ የወጣው እጅ ይወርድ ጀመር። «የኔም ይጣራ!» «የኔም ለፋሲካ!» አቶ አንዳርጌን ላብ አጠመቃቸው። እዚያው በቆሙበት «ላሚቱ የሷ ናት! ከነጥጆቿ አሁኑኑ ትምጣ!» ብለው ፈረዱ። እሰይ! ላሚቱም ከነጥጆቿ እየተነዳች መጣች፤ ገመዳቸውም ባልቴቷ እጅ ገባ።

«በይ እንግዲህ፣ አሁንስ እጅሽን አታወጪም?» አሏት።

ባልቴቷ ገመዱን ጠበቅ አደረገች። «በየትኛው እጄ፣ ክቡር ዳኛ? ይኸው አንዱ ላሚቱን፣ አንዱ ጥጆቿን ይዟል!»