የወይዘሮ አስካለ መርከብና ቀዩ መስመር

አንድ ባለጸጋ ነጋዴ በአንዲት የወደብ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ቀጸላ ይባላል። ብዙ የጭነት መርከቦች ነበሩት፤ ይሁን እንጂ እናቱን ወደሚመኙት ስፍራ የሚያደርስ አንድም መርከብ አልነበረውም።

እናቱ ወይዘሮ አስካለ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት ነበሩ። የተወለዱት ከወደቡ የሦስት ቀን መንገድ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ደሴት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከዚያ ከወጡ በኋላ ተመልሰው አላዩዋትም። የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊት የተወለዱበትን አሸዋ በእግራቸው መርገጥ። ነገር ግን በደሴቲቱ መግቢያ ላይ ከውሃ በታች የድንጋይ ደፍ ተጋድሟል። ትልልቅ መርከቦች ሆዳቸው ጥልቅ ስለሆነ ደፉን አያልፉም። ትንንሽ ጀልባዎች ያልፋሉ፤ ሆኖም ማዕበሉ ስለሚያንገላታቸው ያረጀ ወገብ አይችላቸውም።

ስለዚህ ቀጸላ በየትኛውም ወደብ የማትሸጥ መርከብ አስፈለገችው፤ በባሕሩ ላይ እንደ ትልቅ የምትረጋ፣ በደፉ ላይ እንደ ትንሽ የምታልፍ። በአገሩ የታወቁትን የመርከብ ነዳፊ አለቃ ምናሴን አስጠርቶ እንዲህ አላቸው፦

«አለቃ፣ ነገሥታት የሚቀኑባት መርከብ ይንደፉልኝ። ከፊቷም የነሐስ አንበሳ ይቁም።»

አለቃ ምናሴ ብዕራቸውን አላነሡም። «የሚሳፈሩባት ነገሥታት ናቸው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አይደሉም፤ እናቴ ናት።»

«እንግዲያውስ አስቀድሜ እሳቸውን ላነጋግር። አንበሳው ግን ይቅር። ከፊት የተጫነ ነሐስ የመርከብን አፍንጫ ይደፋል።»

ቀጸላ ቅር አለው።

አለቃው ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት ሄደው ቁመታቸውን፣ የክንዳቸውን ርዝመትና የደጃፋቸውን ደረጃ ከፍታ በገመድ ይለኩ ጀመር። አዛውንቷ ይህን አይተው ሳቁ።

«አለቃ፣ የሚሠሩልኝ መርከብ ነው ወይስ ሣጥን? ገና አለሁ እኮ!»

«ስላሉ ነው የምለካው እመቤቴ። ለሞተ ሰው መስኮት አላበጅም።»

«መስኮት ካሉስ፣ ጋደም ብዬ ውሃውን የማይበት ይሁን። የምደገፈው ነገር እጄ ከሚደርስበት አይራቅ። ደረጃው ደግሞ ከዚህ ከቤቴ ደረጃ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ጉልበቴ አይታዘዘኝም።»

አለቃ ምናሴ ሦስቱንም ቃል በቃል ጻፉ። ከዚያም አናጢውን፣ አንጥረኛውንና ለመርከቢቱ ሆድ ማርጊያ ድንጋይ የሚያዘጋጀውን ድንጋይ ጠራቢ ሰብስበው የመርከቢቱን መልክ በእውነተኛ ልኳ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ በኖራ አሠመሩ። ወይዘሮ አስካለን በወንበር አስቀምጠው፣ ገና ባልተሠራችው መርከብ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል አዞሯቸው። አንድ ጣውላ ሳይቆረጥ ስሕተቱ ሁሉ በዚያ አሸዋ ላይ ታየ። በሩ ጠበበ፤ አልጋው ከመስኮቱ ራቀ። አናጢውና አንጥረኛውም ስለ መደገፊያው ብረት ተጣሉ።

«የአንተ ብረት የእኔን ግድግዳ ያበላሸዋል!» አለ አናጢው።

«የአንተ ግድግዳ ደግሞ እማማን ይጥላቸዋል!» ሲል አንጥረኛው መለሰለት።

«ሁለታችሁም እውነት ተናገራችሁ፤» አሉ አለቃው። «እንግዲህ ብረቱ የግድግዳው ምሰሶ ይሁን፤ ግድግዳው ብረቱን ይያዝ፣ ብረቱም እማማን ይያዝ።»

ይህ ሐሳብ አስቀድሞ በማንም ራስ ውስጥ አልነበረም፤ ከጠቡ ተወለደ። አለቃ ምናሴ መስመሩን አሥራ አንድ ጊዜ ደምስሰው አሥራ አንድ ጊዜ አሠመሩ፤ በዚህም አላፈሩም። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ባለሙያ የሥራውን ክብደት ወስነው ሰጡ። የመርከቢቱ ጎን ተገጥሞ ባለቀ ጊዜም አንድ ቀይ መስመር በእጃቸው ቀቡበት።

«ውሃው ይህን መስመር ከዋጠው መርከቢቱ የደሴቲቱን ደፍ አታልፍም፤» አሏቸው።

ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። ከብዙ ዘመን በፊት ወደቡ በወረርሽኝ ምክንያት ተዘግቶ ሥራ በጠፋበት ወቅት፣ ወይዘሮ አስካለ ከገዛ ጎተራቸው እየሰፈሩ የመርከብ ሠሪዎቹን ቤተሰቦች አንድ ክረምት ሙሉ መግበው ነበር። ባለሙያዎቹም ውለታውን አልረሱም። ስለዚህ አናጢው ለብቻው እንዲህ አሰበ፦ «እግራቸውን እንዳይበርዳቸው ወለሉን በአንድ ጣት ባወፍረው ማን ያውቃል?» አወፈረውም። አንጥረኛው ውስጡ ክፍት መሆን የነበረበትን መደገፊያ ድፍን አደረገው፤ ክፍት ብረት ለእኚህ ሴት አይመጥንም ብሎ። ድንጋይ ጠራቢውም ከቆርቆሮ ሊሠራ በታቀደው መታጠቢያ ፈንታ ከእብነ በረድ የፈለፈለውን ገንዳ አስገባ። እያንዳንዱ «የእኔ ትንሽ ናት» አለ። ስጦታን ማውራት በእነርሱ ዘንድ ነውር ስለነበር ማንም ለማንም አልነገረም። ነጋዴው ቀጸላም በሌላ ከተማ ያስቀረጸውን የነሐስ አንበሳ አስመጥቶ፣ መርከቢቱ ወደ ውሃ ልትወርድ ሁለት ቀን ሲቀራት ከፊቷ አስተከለ። አለቃ ምናሴ በዚያ ሳምንት ታመው ተኝተው ነበርና አላዩም።

መርከቢቱ ወደ ባሕር የወረደች ዕለት ከተማው ሁሉ ወጣ። እልልታውም ቀለጠ። መርከቢቱ ግን ወረደች፤ አሁንም ወረደች፤ ቀዩ መስመር አንድ ስንዝር ያህል ከውሃ በታች ጠፋ። እልልታው ቆመ።

ወደ ደሴቲቱ የሚወስደው ነፋስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚነፍስ ሲሆን፣ ሊያበቃ የቀረው ሃያ ቀን ነበር። ሐኪሙም ለቀጸላ፣ «የሚመጣውን ዓመት ለእናትህ ተስፋ አታድርግላቸው» ብሎት ነበር። ስለዚህ ነጋዴው በሕዝብ ፊት ተቆጣ።

«አለቃ! ስሌትዎ የት ሄደ? እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን ስትቆጥር የኖረችው ለዚህ ነው?»

ከሕዝቡም መካከል አንዱ፣ «ሽማግሌው ቀዩን መስመር የቀቡት መነጽራቸውን ሳያደርጉ ነው!» ብሎ አላገጠ። ጥቂቶች ሳቁ።

አለቃ ምናሴ ከሕመማቸው ገና አላገገሙም ነበር፤ ቢሆንም በከዘራቸው ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። አንበሳውን አዩት፤ ቀጸላን ግን አልወቀሱትም።

«ስሌቴ ተሳስቶ ከሆነ ስሜ ይጥፋ፤» አሉ። «ነገር ግን አንበሳ ብቻውን ይህን ያህል አያሰጥምም። ከተወሰነለት በላይ የጨመረ ሰው ካለ አሁን ይናገር።»

አናጢው ጫማውን ያይ ነበር። አንጥረኛው መዶሻውን ካንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። እያንዳንዱ በልቡ «የእኔ ትንሽ ናት፤ ያጠፋው ሌላ ነው» ይል ነበር። ቀጸላም በአደባባይ ተቆጥቶ ስለነበር ጥፋቱን ለማመን አፈረ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ አስካለ ከወንበራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አነሡ።

«የሚናገር ከሌለ እኔ ልጀምር። አጥፍቻለሁ። ከአልጋዬ ሥር ድንጋይ አስገብቻለሁ።»

«ምን ድንጋይ፣ እማዬ?» አለ ቀጸላ።

«የአባቴን ጀልባ የድንጋይ መልሕቅ። ከደሴታችን ስንወጣ አብሮን የመጣ ነው። ወደ ቦታው ልመልሰው ፈለግሁ። አራት ሰዎች ተሸክመው አስገቡልኝ፤ እንዳይናገሩም አስማልኋቸው። እንግዲህ ፍረዱብኝ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሳይበርድ አናጢው ወደ ፊት ወጣና፣ «እኔም ወለሉን አወፍሬያለሁ፤ እንዳይበርድዎ ብዬ ነው» አለ። አንጥረኛው ተከተለ። ድንጋይ ጠራቢውም ተከተለ። ቀጸላ በመጨረሻ ወደ አለቃው ቀርቦ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«አለቃ፣ አንበሳው እንዲቀር ነግረውኝ ነበር። በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁና በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አለቃ ምናሴ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ከዚያም ወደ ሁሉም ዞረው እንዲህ አሉ፦

«አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። እናንተ እያንዳንዳችሁ አንድ ሎሚ ይዛችሁ መጣችሁ፤ ሁላችሁም ለአንዲት መርከብ አሸከማችኋት። ክፉ ሥራ አልሠራችሁም። ሳትነጋገሩ መልካም ሠራችሁ እንጂ። በሉ፣ እንደ ጨመራችሁ ቀንሱ።»

አሥር ቀን ሠሩ። ቀጸላ መጋዙን ለሌላ አልሰጠም፤ የተተከለበትን እንጨት ቆርጦ አንበሳውን በገዛ እጁ አወረደ። አናጢው የደከመበትን ወለል ነቅሎ አንድ ጣት ላገው፤ አንጥረኛውም እያለቀሰ ይሁን እያላበው ባይታወቅም፣ ድፍኑን ብረት አውጥቶ ክፍቱን ገጠመ። የእብነ በረዱ ገንዳ ወጥቶ የቆርቆሮው ገባ። በመጨረሻ አራት ተሸካሚዎች የመልሕቁን ድንጋይ ሊያወጡ ሲገቡ አለቃ ምናሴ አስቆሟቸው።

«ይህ አይወጣም። መርከቢቱ እንዳትዘም ከሆዷ ግርጌ የደረደርናቸው ድንጋዮች አሉ። ከእነርሱ ክብደቱን የሚያህሉትን አውጡና የእማማን ድንጋይ በቦታቸው አስቀምጡ። አስቀድመው ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም ቦታ አላጣለትም ነበር።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ቀዩ መስመር ከውሃው በላይ ታየ።

ነዳፊውና ሦስቱ ባለሙያዎችም አብረው ተሳፈሩ፤ የእነርሱ ክብደት ከመጀመሪያው በስሌቱ ውስጥ ነበርና። አለቃው አንጥረኛውን ብቻ፣ «አንተ ግን እስክንደርስ ድረስ እራትህን ቀንስ» ብለው ቀለዱበት። በሦስተኛው ቀን ከደፉ ደረሱ። ቀጸላ ከፊት ተንበርክኮ ውሃውን ይመለከት ነበር። ድንጋዩ ከሥራቸው ነጭ ሆኖ ታየ፤ በጣም ቀረበ። መርከቢቱ ሳትነካው አለፈች።

ወይዘሮ አስካለ መደገፊያውን ይዘው፣ ከቤታቸው ደረጃ በማይበልጠው ደረጃ ወርደው አሸዋውን ረገጡ። የአባታቸው መልሕቅ ወርዶ ከባሕሩ ዳር ከተቀመጠ በኋላ ባለሙያዎቹን አንድ በአንድ አስጠሩ።

«አንተ ምን ነበር የቀነስኸው?» አሉ አናጢውን።

«ከወለሉ አንድ ጣት፣ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንተስ?»

ሁሉም የቀነሰውን ተናገረ፤ ለሁሉም አመሰገኑ። ወደ ልጃቸው ሲደርሱ ግን አልጠየቁትም፤ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ሰው ስለ ተሰጠው ነገር ያመሰግናል፤» አሉ። «እኔ ግን ይህን አሸዋ የረገጥሁት ስላነሣችሁልኝ ነው። ያኖራችሁልኝን በዓይኔ አየዋለሁ። ያነሣችሁልኝን ደግሞ ይኸው ቆሜበታለሁ።»

የነሐሱ አንበሳ ዛሬም ከወደቡ ዳር ቆሟል ይባላል፤ ገበያተኞች አህያ ያስሩበታል። ቀጸላ በዚያ ባለፈ ቁጥር ባርኔጣውን ያነሣለት ነበር።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። ታላቅ ሥራ የሚጀመረው የሚገለገልበትን ሰው በመጠየቅ ነው፤ የሚፈጸመውም ባለሙያዎች ሐሳባቸውን በአንድ አሸዋ ላይ ሲያሠምሩ ነው። ክፋት ብቻ አይደለም ሥራን የሚያሰጥመው፤ ለባልደረባ ያልተነገረ ደግነትም ክብደት አለው። የተነገረ ሸክም ግን፣ ድንጋይ እንኳ ቢሆን፣ ቦታ ይገኝለታል። እኛም ዛሬ በደኅና የምንቆምበት ስፍራ ካለ፣ ስለ እኛ ብሎ ከሚኮራበት ሥራው ላይ አንድ ጣት የላገ ሰው አለ ማለት ነው። መላጊያው ያለፈበት ስፍራ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ሳናመሰግነው እንቀራለን።

አንባቢ ሆይ፣ ለአንተ ሲል የቀነሰልህ ማን ነው? ምስጋናህስ ደርሶታል?