የጋሽ ወልደሰንበት ብርድ ልብስ

አንድ ብርድ የሚበረታበት ደጋ ከተማ ውስጥ ማንጠግቦሽ የምትባል ብርድ ልብስ ሰፊ ነበረች። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ሥራዋ ይበዛል። የሰፈሩ ሰው ያረጀ ቀሚሱን፣ የተቀደደ ሱሪውን፣ ለልጆቹ የጠበባቸውን ሹራብ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ እሷ ይመጣል። እሷም ጠዋት ጠዋት ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ጨርቁን በየቀለሙ ትለያለች፣ ደህናውን ከሳሳው ትመርጣለች፣ ትቆርጣለች፣ ቁራጩን ከቁራጭ ጋር ትገጥማለች። ከሥሩ የአቡጀዲ ገበር ታደርግለታለች፣ መሀሉ ላይ ጥጥ ታነጥፋለች፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ትሰፋዋለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ቁጣዋም እንደዚያው። ሥራዋን «ድሪቶ» ብሎ የጠራ ሰው በዚያ ዓመት ብርድ ልብስ አያገኝም ይባል ነበር።

በዚያው ሰፈር ጋሽ ወልደሰንበት የሚባሉ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ይኖሩ ነበር። ሰው በሞተ ቁጥር ማልደው ተነስተው፣ ጡሩምባቸውን እየነፉ፣ በየመንደሩ እየዞሩ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት የሚለፍፉት እሳቸው ናቸው። ሚስት አላገቡም፣ ልጅም የላቸውም። አንድ ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። አልጋ ላይ ዋሉ። ጥቅምት ሲገባ የሚለብሱት አንድ የሳሳ ጋቢ ብቻ ነበራቸው፤ እሱ አልበቃ ሲላቸው ጆንያ ይደርቡበታል።

ነገሩ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሳ። ሁሉም አዘነ፣ ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። «ከየቤታችን ጨርቅ እናዋጣና ማንጠግቦሽ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ትስፋላቸው» ተባለ። ማንጠግቦሽም «የእጄን አልጠይቅም፤ ብቻ ጨርቁን ቶሎ አምጡልኝ» አለች። ጨርቁ ወዲያው መጣ። እሷም የሌላውን ሰው ሥራ ወደ ጎን አድርጋ ጀመረች፤ ብዙም ሳትቆይ የላይኛውን ገጥማ ጨረሰች። የቀረው ጥጡና ገበሩ ነበር።

ይህን ጊዜ ባለሱቁ አቶ አስናቀ ብቅ አሉ። እሳቸው የሰጡት ሰማያዊ ከፋይ ነበር። ጎንበስ ብለው ፈለጉና ፊታቸው ተለወጠ።

«የኔ ከፋይ የታል?»

«ያው፣ ከግርጌ በኩል።»

«ከግርጌ? እኔን ከእግር ሥር?»

«እርስዎን አይደለም አቶ አስናቀ፣ ጨርቁን ነው።»

«የኔ ጨርቅ ማለት እኔ ነኝ!»

ማንጠግቦሽ በረጅሙ ተነፈሰች። ከምከራከር ባነሳው ይቀለኛል ብላ ከፋዩን ተረተረችና ደረት ላይ አደረገችው።

በማግስቱ ወይዘሮ ሸዋረገድ መጡ። እሳቸው ከልጃቸው የሠርግ ቀሚስ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ነጭ ሳቲን ነበር የሰጡት። ከሳቲኑ አጠገብ አንድ የግንበኛ ካኪ ሱሪ ቁራጭ ተሰፍቷል።

«ምነው ማንጠግቦሽ፣ ምን በደልኩሽ? የልጄ የሠርግ ቀሚስ ከግንበኛ ሱሪ ጋር?»

«ታጥቧል እኮ እትዬ። ካኪ ደግሞ ብርድ አያስገባም።»

«እኔ ስለ ብርድ መች አወራሁ?»

ያንንም ተረተረች።

ከዚያ በኋላ ደጃፏ እፎይታ አጣ። አንዷ ጨርቋ ከቀይ አጠገብ እንዳይሆን ትለምናለች። ሌላዋ የጎረቤቷ ቁራጭ ከሷ በልጦ ተቆርጧል ብላ ታኮርፋለች። የዕድሩ ሰብሳቢ ደግሞ የዕድሩ ስም በቢጫ ክር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከሩቅ እንዲታይ ሆኖ ይጠለፍበት ብለው ላኩባት። ማንጠግቦሽ ጠዋት የሰፋችውን ከሰዓት ትተረትራለች። «ብርድ ልብስ ነው የምሰፋው ወይስ ርስት ነው የማካፍለው?» እያለች ለብቻዋ ታጉረመርማለች። ግን ትተረትራለች።

እውነቱን ለመናገር ሰው ብቻ አልነበረም ያዘገያት። ከፋዩ ከቦታው ሲነሳ ሌላው ጨርቅ ተጎትቶ አንዱ መስመር ተጣመመ። ማንም አላየባትም፤ ማንም ምንም አላላትም። እሷ ግን ከማንጠግቦሽ እጅ ጠማማ ስፌት ወጣ እንዲባል አልፈለገችምና መስመሩን እንዳለ ፈትታ እንደገና ሰፋችው።

አንድ ቀን ሾርባ ይዛ ጋሽ ወልደሰንበትን ልትጠይቅ ሄደች። ጆንያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተኝተዋል።

«ልጄ፣ ያ ብርድ ልብስ ደረሰ?» አሏት።

«ትንሽ ቀረው ጋሽዬ። ሰዉ አላሠራ አለኝ እኮ! ይሄ ይነሳ፣ ያ ይውጣ ነው።»

«ግድ የለም፤ እኔ የትም አልሄድ። ለኔ ብለሽ ከሰው አትጣዪ።»

ሾርባውን ሊቀበሏት እጃቸውን ሲዘረጉ ጣታቸው ጣቷን ነካት። ቅዝቃዜው የወንዝ ድንጋይ ይመስል ነበር። ማንጠግቦሽ ከዚያ ቤት የወጣችው ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ ብላ ነው። ቤቷ ስትደርስ ግን ወይዘሮ ሸዋረገድ በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ሳቲኑ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ እንዲልላቸው ፈልገው ነው። ማንጠግቦሽ አጉረመረመች፣ ተነጫነጨች፣ በመጨረሻም መቀሷን አነሳች።

እሑድ ዕለት ዕድሩ ስለ ርክክቡ ሊነጋገር ተሰበሰበ። ብርድ ልብሱን ማን ያልብሳቸው? ፎቶ ማን ያንሳ? አቶ አስናቀ «ደረት ላይ ያለው የኔ ስለሆነ እኔ ነኝ» አሉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ «ሴት ስታለብስ ነው የሚያምረው» አሉ። ሌላው ደግሞ ተነስቶ ድንኳን ይተከል አለ። ማንጠግቦሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ትሰማለች።

ክርክሩ ጦፎ ሳለ ለጋሽ ወልደሰንበት ምግብ የምታደርስላቸው ጎረቤት እያለከለከች ገባች።

«ጋሽ ወልደሰንበትን ጤና ጣቢያ አስገባናቸው! መተንፈስ አቅቷቸው ነው የደረስንባቸው!»

ማንጠግቦሽ ብድግ ብላ ወደ በሩ ተራመደች።

«ቆይ፣ ብርድ ልብሱስ?» አሉ ሰብሳቢው። «ስሙ ገና አልተጠለፈም እኮ!»

«ስሙን ግንባርዎ ላይ ይጥለፉት!» ብላቸው ወጣች።

ቤቷ ገብታ ጨርቁን መሬት ላይ ዘረጋችው። ጥጡን አነጠፈች፣ አቡጀዲውን ደረበችበት፣ በወፍራም ክርና በሰፋፊ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ተጣመመ። እንደተጣመመ ተወችው። ከዚያም ጠቅልላ ተሸከመችውና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤና ጣቢያ ደረሰች። ነርሷ «የሳንባ ምች ነው፤ ብርዱ ጎድቷቸዋል» አለቻት። ማንጠግቦሽ ገብታ ብርድ ልብሱን አለበሰቻቸው። ጋሽ ወልደሰንበት በደከመ እጃቸው ከፋዩን ዳሰሱት፣ ሳቲኑን ዳሰሱት።

«ይሄኛው ይለሰልሳል። ወደ ገላዬ አድርጊልኝ» አሏት።

ገለበጠችላቸው። ከላይ የሚታየው አቡጀዲው ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ሰፈሩ ሊጠይቃቸው መጣ። አልጋውን ከበው ቆሙና ዓይናቸው በብርድ ልብሱ ላይ መንከራተት ጀመረ። ከፋይ የለም። ሳቲን የለም። ነጭ በነጭ ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ አላስችላቸው ብሎ ጎንበስ አሉ።

«ጋሽ ወልደሰንበት፣ ተገልብጦብዎታል መሰለኝ፤ እናስተካክልልዎ?»

«ተዪው ልጄ። ሞቆኛል።»

አቶ አስናቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወለሉን ያዩ ጀመር።

ጋሽ ወልደሰንበት አልሞቱም። ትንፋሻቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ጡሩምባውን ሌላ ሰው ተረከበው። ሰፈሩ ጥፋቱን በአቶ አስናቀና በወይዘሮ ሸዋረገድ ላይ ሲደፈድፍ ማንጠግቦሽ ግን አልተስማማችም።

«እነሱማ ተናገሩ፤ መናገር ማንን ገደለ?» አለች በምሬት። «መቀሱ በማን እጅ ነበር? በኔ! የጮኸብኝን ሁሉ ሰማሁ። ግድ የለም ያሉኝን አንድ ሰው አስጠበቅኋቸው።»

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ለተቸገረ ሰው ስንሰጥ ሰውየው ከመሞቁ ይልቅ የኛ ቁራጭ መታየቱ ያስጨንቀናል፤ ይህ አንዱ በሽታችን ነው። ሁለተኛው ግን ይብሳል፤ እሱም የማንጠግቦሽ ነው። ደግ ነን፣ ሥራ እናውቃለን፣ ልባችንም ያዝናል። ነገር ግን ቀናችንን የምንሰጠው በራችን ላይ ቆሞ ለሚያኮርፈው ነው። ከሁሉ የባሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያኮርፍም፣ አይጮኽም፤ «ግድ የለም» ብሎ ይጠብቃል። እኛም ቃሉን አምነን እናስጠብቀዋለን።

ዛሬ እናንተን «ግድ የለም» ብሎ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?